የዝናብ አገር ውኃ ሲያጥረው፦ የኢሉባቦር ላቫጆና የጀሪካን ሒሳብ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለኢሉባቦር ከተሞች የተተረተ ይመስላል። ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚመዘገብባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ታገኛለች። በመቱ አጠገብ የሚያልፈው ሶር ወደ ገባ ይገባል፣ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ታላቁን ባሮን ይወልዳል። እንዲህ ባለ አገር ውኃ ተቆጥሮ በጀሪካን ይሸጣል ቢሉት የማያውቀው ሰው ሊስቅ ይችላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ መኪና አጥቦ የሚያድር ሰው ግን አይስቅም።

ነገሩ የዝናብ ብዛት ሳይሆን የዝናብ ወቅት ነው። በኢሉባቦር ዝናቡ በመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ወራት ደረቅ ናቸው። ምንጭ ይቀንሳል፣ የእጅ ጉድጓድ ወደ ታች ይርቃል። ቧንቧው በፈረቃ ሲሆን፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ፓምፑ ሲቆም፣ መጀመሪያ የሚመታው ብዙ ውኃ የሚፈልገው ሥራ ነው። ላቫጆ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዝናቡ አርፍዶ የጀመረ ዕለት ደግሞ ችግሩ በሳምንታት ይረዝማል።

በዚህ እትማችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው። በጥቂት ውኃ መኪና ማጠብ ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ትርፉ ለማን ነው? ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታይ ቢሆንም የላቫጆ ባለቤቱን ገቢ፣ የመኪና ባለቤቱን ንብረትና ከወንዙ ግርጌ የሚቀዳውን ሰው ጤና በአንድ ላይ የያዘ ነው።

መኪና የሚበዛው ውኃ ሲያንስ ነው

የኢሉባቦር ንግድ ድሮም የውኃ ጥገኛ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጋምቤላ የወንዝ ወደብ ሆና ከተከፈተች በኋላ የአካባቢው ቡና በጎሬ በኩል ወደዚያ እየወረደ፣ በባሮ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። ጀልባው መንቀሳቀስ የሚችለው ባሮ ሲሞላ ስለሆነ የጭነቱ ወቅት ክረምቱ ነበር። ነጋዴው ቡናውን አከማችቶ የወንዙን መሙላት ይጠብቃል።

ዛሬ ሒሳቡ ተገልብጧል። ቡናው የሚጓዘው በጭነት መኪና ነው። ከመቱ በበደሌ በኩል አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ወደ ቡና አብቃይ ቀበሌዎች የሚያስገቡት መንገዶች የጠጠርና የአፈር ናቸው። ለቀማው በበልግና በክረምት ሳይሆን ከጥቅምት ጀምሮ የሚካሄድ ስለሆነ፣ አይሱዙውና ኤፍ ኤስ አሩ በብዛት የሚመላለሱት ምድሩ በደረቀበት ጊዜ ነው። የነጋዴው ፒክአፕ፣ የደላላው አውቶሞቢል፣ የሚኒባሱና የባጃጁ እንቅስቃሴም ከቡናው ገንዘብ ጋር አብሮ ይጨምራል።

በሌላ አነጋገር፣ በክረምት ውኃው በነፃ ከሰማይ ሲወርድ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ገበያው ሲሞቅ ውኃው ይጠፋል። በዚያ ላይ የታጠበ ቡና የሚያዘጋጁ ጣቢያዎችም የወንዙን ውኃ የሚፈልጉት በለቀማው ወራት ነው። የላቫጆ ሥራ የገባ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን የወቅት መጋጨት ነው።

ኢሉባቦር በድርቅ የሚታወቅ አገር እንዳልሆነ አንባቢያን ያውቃሉ። እንዲያውም በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ በድርቅ የተጎዱ ወገኖች በመንግሥት ሠፈራ ከመጡባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ኢሉባቦር ነበር። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ሲጠበቅለትም ጉዳቱ የበረታው በምሥራቁና በሰሜኑ ነበር። የኢሉባቦር ድርቅ የቧንቧና የጀሪካን ድርቅ ነው። ሰው አያስርብም፤ ኪስ ግን ያራቁታል።

ሒሳቡ በጀሪካን

በክፍት ጎማ የሚታጠብ መኪና ስንት ውኃ እንደሚፈጅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መሣሪያ አያስፈልገውም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከጎማው ሥር አስቀምጦ በሰዓት መመልከት ይበቃል። ጀሪካኑ በ100 ሴኮንድ ከሞላ ጎማው በደቂቃ 12 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው። አጣቢው ሳሙና እየመታ፣ ጨርቅ እየጨመቀ፣ ጎማውን መሬት ላይ ጥሎ እያወራም ቢሆን ውኃው ይወርዳል። በዚህ ዓይነት 15 ደቂቃ ቢቆይ 180 ሊትር፣ ማለትም 9 ጀሪካን ለአንድ አውቶሞቢል ሄደ።

አሁን ይህንን ወደ ገንዘብ እንለውጠው። ዋጋው እንደ ወሩና እንደ ሠፈሩ ስለሚለያይ ለምሳሌ ያህል ብቻ ጀሪካኑን በ10 ብር እናስበው። በክፍት ጎማ የአንድ መኪና ውኃ 90 ብር ይሆናል። ከዚህ በታች በምንዘረዝረው ዘዴ በ2 ጀሪካን፣ በ40 ሊትር ከታጠበ ግን 20 ብር ነው። ልዩነቱ በመኪና 70 ብር ሆነ። በቀን 15 መኪና የሚያጥብ ላቫጆ በመጀመሪያው ዘዴ 2,700 ሊትር፣ በሁለተኛው 600 ሊትር ይፈልጋል። ደንበኛው የሚከፍለው በመኪናው እንጂ በሊትሩ ስላልሆነ የተቆጠበው ሁሉ የባለቤቱ ነው።

ይህ ማለት ግን በጥቂት ውኃ ማጠብ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ውኃ የሚቆጥብ ዘዴ ጊዜ ይፈጃል። በክፍት ጎማ በሩብ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ በባልዲ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ዓመቱን በሙሉ በአንድ ዘዴ አይሠራም። ውኃ ሲተርፍ ጊዜ ይቆጥባል፣ ውኃ ሲያጥር በጉልበት ይተካል።

በ2 ጀሪካን እንዴት ይታጠባል?

የአካባቢው ቀይ አፈር ሸክላነት ያለው ነው። ሲረጥብ እንደ ማጣበቂያ ይይዛል፣ ሲደርቅም በውስጡ የጠጠርና የአሸዋ ቅንጣት ይዞ ይጠነክራል። ሥራው የሚበላሸው ይህንን ጭቃ በደረቅ ጨርቅ ለመጥረግ የተሞከረ እንደሆነ ነው፤ ጨርቁ የአሸዋ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መኪናው ጥላ ሥር ይቁም። በፀሐይ የጋለ ኮፋኖ ላይ የፈሰሰ ውኃ ሥራውን ሳይሠራ ይተንናል፣ የሳሙና ነጠብጣብም ይተዋል።

ሁለተኛ፣ በፓራፋንጎ ውስጥ፣ በባሌስትራና በሻንሲ ላይ የተጋገረው ጭቃ ውኃ ሳይነካው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይራገፍ። ከክብደቱ አብዛኛው እዚህ ስለሚወድቅ ከፍተኛው የውኃ ቁጠባ የሚገኘው ከዚህ ደረጃ ነው። ቀለም በተቀባ አካል ላይ ግን መፋቂያ አይነካም።

ሦስተኛ፣ ቀለም የተቀባው ክፍል በመርጫ ይርጠብ። ገበሬው በጀርባው የሚያዝለው ባለ 16 ሊትር መርጫ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ውኃውን እንደ ጉም ስለሚረጭ ሳይፈስ ጭቃው ላይ ያርፋል። 5 ደቂቃ ጠብቆ ደግሞ መርጨት ነው። ሸክላው ጠጥቶ ሲላላ በራሱ መንሸራተት ይጀምራል። መርጫው አዲስ መሆን አለበት። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የገባበት መርጫ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይውልም፤ ቅሪቱ ለአጣቢው ቆዳና ዓይን አደገኛ ነው።

አራተኛ፣ ሁለት ባልዲ ይዘጋጅ። በአንዱ 8 ሊትር የሳሙና ውኃ፣ በሌላው 8 ሊትር ንጹሕ ውኃ። ስፖንጁ ከሳሙናው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ንጹሑ ባልዲ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሳሙናው ይሄዳል። ይህ ከሆነ ቆሻሻው በሁለተኛው ባልዲ ይቀራል፣ የሳሙናው ውኃ እስከ መጨረሻው ይሠራል። በአንድ ባልዲ የሚሠራ ሰው ከሦስተኛው በር በኋላ መኪናውን የሚያሸው በጭቃ ነው።

አምስተኛ፣ ከላይ ወደ ታች ይታጠብ። ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፋኖ፣ በሮች፣ በመጨረሻም ቸርኬና ጎማ። ለጎማና ለቸርኬ የተለየ ጨርቅ ይኑር። ሳሙናው ጥቂት ይሁን፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና በዛ ያለ እንደሆነ የፖሊሹን ሰም ያነሣል፣ ለማለቅለቅም ተጨማሪ ውኃ ያስወጣል። ሳሙና የበዛበት መኪና ውኃ የበዛበት መኪና ነው።

ስድስተኛ፣ በ8 ሊትር ንጹሕ ውኃ በመርጫው ተለቅልቆ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ።

16፣ 8፣ 8 እና 8 ሲደመር 40 ሊትር ነው። ለጭነት መኪና መጠኑ ከዚህ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

የግፊት ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰውም ተጠቃሚ ነው። አነስተኛዎቹ ማሽኖች በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ሊትር ብቻ ስለሚያወጡ፣ በ5 ደቂቃ ርጭት ከ30 እስከ 50 ሊትር ይፈጃሉ። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መጠየቃቸው ነው። የነዳጁ ዋጋ ሲደመር ቁጠባው ሊጠፋ ስለሚችል መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት መጠቀሙ ይመረጣል። ክፍት ጎማ ብቻ ያለው ሰውም ቢሆን ጫፉ ላይ ሲጫን የሚከፈት፣ ሲለቀቅ የሚዘጋ መርጫ ቢገጥምበት በማይሠራበት ደቂቃ የሚፈስሰውን ያድናል።

በገበያ ላይ «ያለ ውኃ ማጠቢያ» ተብለው የሚሸጡ ፈሳሾችስ? ለአስፋልት ከተማ ቀጭን አቧራ ያገለግላሉ። ከያዩ ወይም ከአልጌ የጠጠር መንገድ ለወጣ ባለ ጭቃ መኪና ግን አይሆኑም። መጀመሪያ ጭቃው በውኃ ካልላላ ፈሳሹ አሸዋውን ቀለም ላይ ከማንሸራተት በቀር የሚያደርገው የለም።

ወንዝ ዳር ርካሽ ነው ወይ?

ውኃ ሲጠፋ ብዙው አሽከርካሪ የሚያስበው ወደ ወንዝ መውረድን ነው። ገንዘብ አያስከፍልም፣ ውኃውም አያልቅም። ይህ ርካሽ የሚመስለው ሌላ ሰው ስለሚከፍልለት ነው። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ የገባበትን ዘይትና ሳሙና የሚያቀጥነው ውኃ ያንሳል፤ ከታች የሚቀዳው፣ ከብት የሚያጠጣውና ልብስ የሚያጥበው ሰው ግን በዚያው ወራት ይበዛል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከአንድ ጊዜ የሞተር ዘይት ቅያሪ የሚወጣ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። ሻንሲን በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ረጭቶ ማጠብም እንዲሁ ነው። ውኃውን ከመበከሉ ሌላ ጎሚኒዎችን ያበላሻል።

ሕጉም ዝም አላለም። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል። በእጅ ጉድጓድ መቆፈርና ከዚያ መጠቀም ፈቃድ እንደማያስፈልገውም ያመለክታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አካባቢን መበከልን ይከለክላል። ስለዚህ በግቢው የእጅ ጉድጓድ የቆፈረ የላቫጆ ባለቤት በሕጉ ይደገፋል፤ እጣቢውን ወደ ወንዝ የሚለቀው ግን በሌላ በኩል ይጠየቃል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። እጣቢው ወደ ጅረት ከመግባቱ በፊት በሦስት ክፍል የተሠራ የሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ይለፍ። በመጀመሪያው ክፍል አሸዋና ጭቃ ይዘቅጣል፣ በሁለተኛው ዘይት ይንሳፈፋል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚያስተላልፈው ቧንቧ በጎሚቶ ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ ውኃውን ከሥር ስቦ ዘይቱን ከላይ ያስቀረዋል። በሦስተኛው ክፍል የጠለለው ውኃ ለቸርኬ፣ ለሻንሲና ለወለል ማርጠቢያ ተመልሶ ሊያገለግል ይችላል። ቀለም ወደተቀባው አካል ግን አይመለስም። ጭቃውን በየሳምንቱ ማውጣት፣ ዘይቱን በተለየ ዕቃ መሰብሰብ ግድ ነው።

ክረምቱን ለበጋ ማቆየት

ኢሉባቦር ከሌላው አካባቢ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ጣሪያው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ 2,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ፣ በዓመት 200,000 ሊትር ይቀበላል። ከዚህ አምስተኛው እጅ በአሸንዳና በትነት ቢባክን እንኳ 160,000 ሊትር ይተርፋል። እንግዲህ የሚጎድለው ውኃው ሳይሆን ማስቀመጫው ነው።

ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ያቆመ ሰው በክፍት ጎማ 55 መኪና ያጥባል፣ በ40 ሊትር ዘዴ ደግሞ 250። በቀን 15 መኪና ለሚያስተናግድ ላቫጆ የመጀመሪያው አራት ቀን አይሞላም፤ ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በላይ ይሄዳል። ሦስቱን ደረቅ ወራት ሙሉ ለሙሉ ለመሸፈን 54,000 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ተኩል የሆነ፣ ክዳን ያለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ማለት ነው። በክፍት ጎማ ለሚሠራ ሰው ግን 243,000 ሊትር ያሻዋል፤ ይህ ደግሞ ጣሪያው በዓመት ከሚሰበስበው በላይ ነው። ስለሆነም ገንዘብ ያለው ባለሀብት ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የአስተጣጠብ ዘዴውን ያስተካክል። አለዚያ ጉድጓዱን አራት እጥፍ አድርጎ ይቆፍራል።

ከሌላው ዓለም

ይህ የድሃ አገር ብቻ ጭንቀት አይደለም። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 በድርቅ በተመታች ጊዜ መዝጊያ በሌለው ጎማ መኪና ማጠብን በሕግ ከልክላ ነበር፤ ቅጣቱ በቀን እስከ 500 ዶላር ይደርስ ነበር። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ስትፈቅድ፣ በከተማው የመጠጥ ውኃ መኪና ማጠብ ፈጽሞ ተከልክሎ ነበር። የተፈቀደው ለመጠጥ በማይውል ውኃ፣ በእንፋሎት ወይም ያለ ውኃ ማጠብ ነበር። ከዚያ የምንማረው፣ ክልከላው ሲመጣ ገበያው ቀድሞ ለተዘጋጀው እንደሚሆን ነው። በክፍት ጎማ ብቻ መሥራት የሚያውቅ በሩን ይዘጋል፣ በ2 ጀሪካን የሚያጥበው ወረፋ ያበዛል።

ለመኪና ነጋዴውና ለደላላው

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወርም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይታወሳል። ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣው መኪና ተተኪ ሲያጣ፣ ቀለምና መለዋወጫም በምንዛሪው ሲወደድ፣ በእጅ ያለውን መጠበቅ ራሱ ንግድ ሆኗል። ደላላ መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀለሙ ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ነው። በደረቅ ጨርቅ የተፈተገ ኮፋኖ በፀሐይ ሲታይ ክብ ክብ ጭረቱ ይቆጠራል፤ ገዢው በዚያ ልክ ዋጋ ይሰብራል። በውኃ እጥረት ሰበብ በቸልታ የታጠበ መኪና ከአንድ ጀሪካን ዋጋ ብዙ እጥፍ በሽያጭ ቀን ያስከፍላል።

ስለዚህ ለላቫጆ ባለቤቶች የምንመክረው ሁለት ዓይነት ታሪፍ እንዲያወጡ ነው፤ አንዱ ለአቧራ፣ ሌላው ለጭቃ። አቧራ ብቻ የያዘው መኪና በ1 ጀሪካን ሊወጣ ስለሚችል ዋጋው ይቀንስለት፣ ደንበኛውም ቶሎ ቶሎ ይመለስ። ከገጠር መንገድ የመጣው አይሱዙ ደግሞ የመፋቂያውን ጉልበትና የውኃውን ብዛት ይክፈል። ለመኪና ባለቤቶች የምንለው፣ አጣቢው ጎማውን ሲዘጋ ሥራ እንደነፈገ አይቁጠሩት። ስንት ባልዲ እንደያዘና ጨርቁን የት እንደሚያጥብ ይመልከቱ። ለሥራው መልካምነት ምስክሩ እሱ ነው።

ዝናቡ በመጋቢት ሲመለስ ሁሉም ይረሳ ይሆናል። ጉድጓዱ የሚቆፈረው፣ አሸንዳው የሚገጠመው ግን ዝናቡ ሳይጀምር ነው። በየካቲት በጀሪካን ሲገዛ የከረመ የላቫጆ ባለቤት፣ የከፈለውን ጠቅላላ ሒሳብ በወረቀት ላይ ደምሮ ከአንድ ጉድጓድ ሲሚንቶ ዋጋ ጋር ያስተያየው።